«ድርሻችን ተመጣጥኗል» ሲሉ ምን እያሉ ነው? የአቦርጂናል ተወላጆች በአውስትራሊያ ፖሊስ ውስጥ

ጥያቄው፦ አውስትራሊያ ውስጥ የአንድ የኢትዮጵያውያን ማኅበር አባል ነኝ። የአካባቢያችን ፖሊስ ለስብሰባ ጠርቶን ነበርና የአቦርጂናል ሠራተኞቹ ድርሻ ከሕዝቡ ቁጥር ጋር መመጣጠኑን ነገረን። እኛም የራሳችን ሰው እንዲቀጠር ልንጠይቅ አስበናል። ይህ ድርሻ የሚሉት ነገር እንዴት ነው የሚሰላው? የአቦርጂናል ፖሊሶች መብዛት በእርግጥ የለወጠው ነገር አለ? ለሚቀጥለው ስብሰባ ምን ይዘን እንሂድ?

ምላሽ፦ የተነገራችሁ ቁጥር ሐሰት ላይሆን ይችላል፤ ብቻውን ግን ብዙ አይነግራችሁም። መቶኛው ስንት ሰው በበሩ እንደገባ ያሳያል። ከገቡት ውስጥ ማሰርና መልቀቅ የሚችለው፣ ሌላውን የሚያዘው ማን እንደሆነ፣ ስንቱ ከአምስት ዓመት በኋላም እዚያው እንዳለ አያሳይም። ዋናው ጉዳይ ደግሞ ይኸው ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ቁጥሩ ከምን ጋር እንደተመዛዘነ ጠይቁ። በ2021 የሕዝብ ቆጠራ 812,728 ሰዎች አቦርጂናል ወይም የቶረስ ስትሬት ደሴቶች ተወላጅ ነን ብለው ተመዝግበዋል፤ ከአገሪቱ ሕዝብ 3.2 በመቶ ማለት ነው። የስታቲስቲክስ ቢሮው በቆጠራው ያመለጡትን ገምቶ ሲያስተካክል ግን ቁጥሩ 983,700 ይደርሳል፤ ይህም 3.8 በመቶ ነው። እንግዲህ 3.3 በመቶ ያለው ተቋም በመጀመሪያው ሲለካ ግቡን አልፏል፣ በሁለተኛው ሲለካ ገና ነው። ሪፖርት የሚጽፈው ሰው የትኛውን እንደሚመርጥ መገመት አያቅትም። ከዚያም ላይ አገራዊ አማካይ ለአንድ ክፍለ ግዛት ፖሊስ ትርጉም የለውም። በቪክቶሪያ የአቦርጂናል ድርሻ 1 በመቶ ገደማ ሲሆን በሰሜናዊ ግዛት 30 በመቶ አካባቢ ነው። በአንዱ ክፍለ ግዛት ውስጥም ቢሆን ዋና ከተማው ሌላ፣ ገጠሩ ሌላ ነው። በዋናው መሥሪያ ቤት ቢሮ ውስጥ የተቀመጡ አርባ ሰዎች ነዋሪው በሙሉ ማለት ይቻላል አቦርጂናል በሆነበት መንደር ያለውን ጣቢያ አይሞሉትም።

ለፖሊስ የሚቆም አንድ እውነተኛ ምክንያት አለ፤ እሱንም ልናገር። የአቦርጂናል ሕዝብ ወጣት ነው። ከሦስቱ አንዱ ከ15 ዓመት በታች ነው፤ መካከለኛው ዕድሜ 24 ሲሆን የጠቅላላው ሕዝብ 38 ነው። ስለዚህ ለሥራ በደረሰው ሕዝብ ውስጥ ያለው ድርሻ በጠቅላላው ሕዝብ ካለው ያንሳል። ይህን የሚያነሳ ኃላፊ ማምለጫ እየፈለገ ነው ብላችሁ አትቸኩሉ።

በሌላ በኩል የሠራተኞቹ ቁጥር ራሱ የሚገኘው ሠራተኛው በፈቃዱ ከሚሞላው ቅጽ ነው። ከ2016 እስከ 2021 በቆጠራ የተመዘገበው የአቦርጂናል ሕዝብ 25 በመቶ ያህል ጨምሯል። ይህን ሁሉ ወሊድ አያመጣውም፤ ቀድሞ ያልተናገረ ሰው ማንነቱን መናገር መጀመሩም አለበት። በፖሊስ ቤትም እንዲሁ ነው። ለአሥራ አምስት ዓመት ዝም ብሎ የኖረ ሳጅን አንድ ቀን ቅጹ ላይ ምልክት ቢያደርግ አንድም ሰው ሳይቀጠር ድርሻው ከፍ ይላል። መጥፎ ነገር አይደለም፤ እንዲያውም ሰውየው ቤቱን ማመን ጀምሯል ማለት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ምልመላ አይደለም፤ «ስንቱ አዲስ ቅጥር ነው?» ብላችሁ ለይታችሁ ጠይቁ።

ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል፦ ከእነዚህ ውስጥ ቃለ መሐላ የፈጸመ፣ ሙሉ የፖሊስ ሥልጣን ያለው ስንቱ ነው? በኒው ሳውዝ ዌልስ የአቦርጂናል ማኅበረሰብ አገናኝ የሚባሉት፣ ፖሊስንና ሕዝቡን የሚያገናኙት፣ ሲቪል ሠራተኞች ናቸው፤ ማሰር አይችሉም። በኩዊንስላንድ የፖሊስ አገናኞች ዩኒፎርም ይለብሳሉ፣ በፓትሮል መኪና ይሄዳሉ፤ ሙሉ ፖሊሶች ግን አይደሉም። በሰሜናዊ ግዛት ደግሞ የአቦርጂናል ማኅበረሰብ ፖሊስ የሚባል የተገደበ ሥልጣን ያለው እርከን አለ። ምዕራብ አውስትራሊያ በ1975 የአቦርጂናል ረዳት ፖሊስ ብሎ የጀመረውን መንገድ ከጊዜ በኋላ ዘግቶ ሰዎቹን ወደ መደበኛ ኮንስታብልነት ማሸጋገርን መርጧል፤ ወጣቶችን ደሞዝ እየከፈለ የሚያሠለጥን የካዴት መርሐ ግብርም አለው። ሁሉም በአንድ መቶኛ ውስጥ ሲደመሩ አንድ ኢንስፔክተርና አንድ የኮንትራት አገናኝ እኩል ይቆጠራሉ።

አገናኝ መኖሩ ብቻውን ምን ያህል እንደሚያስኬድ ለማየት በኩዊንስላንድ ያለችውን፣ የአቦርጂናል ሕዝብ የሚኖርባትን የፓልም ደሴትን ጉዳይ መመልከት ይበቃል። በኅዳር 2004 አንድ የ36 ዓመት የደሴቲቱ ነዋሪ ተይዞ ጣቢያ ከገባ ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ ሞቶ ተገኘ። ሲያዝ አቦርጂናል የሆነ የፖሊስ አገናኝ ከመኮንኑ ጋር ነበር። ስለዚህ «ወኪል» ነበራቸው። ሆኖም የፌዴራል ፍርድ ቤት በ2016 ፖሊስ የዘር መድልዎ ሕጉን እንደጣሰ ሲወስን ከዘረዘራቸው ጥፋቶች አንዱ የፖሊስ አዛዦች ከደሴቲቱ ሕዝብ ጋር በቅጡ ተነጋግረው ውጥረቱን አለማርገባቸው ነው። በ2018 ክሱ በ30 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ። አገናኙ ከኮንስታብሉ በታች ከሆነ፣ ኮንስታብሉ የማይሰማውን ሰው አዛዡ ሊሰማው አይችልም።

ሕዝቡ ለምን እንደሚጠራጠር ካላወቃችሁ የምልመላው ችግር አይገባችሁም። የአቦርጂናል ተወላጆች ወደ ፖሊስ የገቡት ትናንት አይደለም። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ቅኝ ገዢዎቹ ናቲቭ ፖሊስ የሚባል ጦር አቋቁመው አንዱን አካባቢ ሰው በሌላው ላይ አዘመቱ፤ በኩዊንስላንድ ያ ጦር በብዙ ግድያ ይታወቃል። ዱካ ፈላጊዎች ደግሞ በራሽን እየተቀለቡ ለፖሊስ መንገድ ይመሩ ነበር። በምዕራብ አውስትራሊያ ኪምበርሊ በሚባለው አካባቢ፣ ቡኑባ ከሚባለው ሕዝብ የነበረው ጃንዳማራ ለፖሊስ ዱካ እየፈለገ የገዛ ዘመዶቹን አስይዞ ነበር፤ በ1894 አብሮት የነበረውን ኮንስታብል ተኩሶ ገደለና በሰንሰለት የታሰሩትን ፈታቸው። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ገደማ ተሳደደ፤ በ1897 ተኩሶ የገደለውም ሌላ አቦርጂናል ዱካ ፈላጊ ነበር። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ሕጻናትን ከእናቶቻቸው ነጥቆ የሚወስደው በአብዛኛው ዩኒፎርም የለበሰ ፖሊስ ነበር። የምዕራብ አውስትራሊያ የፖሊስ ኮሚሽነር በ2018፣ የቪክቶሪያው በ2023፣ የሰሜናዊ ግዛቱ በ2024 በይፋ ይቅርታ የጠየቁት ባዶ ነገር ላይ ተነሥተው አይደለም። ዛሬ ፖሊስ ልሁን የሚል ወጣት ከአያቱ የሚሰማው ቃል እኛ ቤት «ባንዳ» የሚባለውን ያህል ይከብዳል።

መፍትሔው ከተጻፈ ቆይቷል። በእስር የሞቱ አቦርጂናሎችን ጉዳይ የመረመረው የንጉሣዊ ኮሚሽን ከ1987 እስከ 1991 ሠርቶ 99 ሞቶችን ካየ በኋላ 339 ምክረ ሐሳቦች አቅርቧል። ከእነዚህ ውስጥ ቁጥር 229 የፖሊስ ተቋማት ሁሉ አቦርጂናሎችን፣ በተለይም ሴቶችን፣ በንቃት እንዲመለምሉና ከተቻለም በቡድን እንዲያስገቡ ይላል። ቁጥር 230 ትምህርታቸው ለጎደለ ነገር ግን በሌላው ብቁ ለሆኑት የመሸጋገሪያ ኮርስ እንዲሰጥ ይጠይቃል። «በቡድን» የምትለዋን ብዙዎች ያልፏታል፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ ጠቃሚዋ ትመስለኛለች። በሁለት መቶ ሠልጣኝ መካከል ብቻውን የተቀመጠ አንድ ልጅ በየምሽቱ ስለ ሕዝቡ የሚቀለደውን ቀልድ ለብቻው ይሰማል። ስድስት ሲሆኑ ቀልዱም ይቀንሳል፣ የሚያጽናናም አይጠፋም። ከቁጥር 230 ጋር የሚሄደው የታወቀ ምሳሌ በኒው ሳውዝ ዌልስ ደቦ ከተማ በ2008 የተጀመረው አይፕራውድ ነው። በሙያ ኮሌጁ በኩል ንባብና ጽሕፈት፣ የአካል ብቃት፣ የማመልከቻ ዝግጅት ለጥቂት ወራት ይሰጣል፤ ከዚያ ነው ወደ ጎልበርን የፖሊስ አካዳሚ ማመልከት የሚመጣው።

አመልካቾች የሚወድቁበት ቦታ ብዙዎች እንደሚያስቡት ፈተናው ላይ ብቻ አይደለም። መንጃ ፈቃድን ውሰዱ። ፖሊስ ለመሆን የግድ ነው። በኒው ሳውዝ ዌልስ ከ25 ዓመት በታች የሆነ ለማጅ ከባለ ሙሉ ፈቃድ ሰው ጋር 120 ሰዓት መንዳቱን በደብተር ማስመዝገብ አለበት፤ በምዕራብ አውስትራሊያ 50 ሰዓት። የተመዘገበና የሚንቀሳቀስ መኪና፣ አጠገቡ የሚቀመጥ ፈቃድ ያለው ዘመድ፣ ለዚህ ሁሉ የሚሆን ነዳጅ በሌለበት መንደር ይህ ደብተር ለዓመታት ባዶውን ይቀመጣል። አንዳንዱ ገና የልደት ምስክር ወረቀት የለውም። በመሐል ያለ ፈቃድ ነድቶ ከተያዘ ደግሞ ቅጣቱ መዝገብ ይሆናል፤ መዝገቡም ከፖሊስ ቅጥር ሊያግደው ይችላል። በምዕራብ አውስትራሊያ እስከ 2020 ድረስ ቅጣት ያልከፈለ ሰው ለዚያው ዕዳ ብሎ ይታሰር ነበር፤ በ2014 አንዲት የ22 ዓመት ወጣት በዚሁ ሰበብ ታስራ ሞታለች። ስለዚህ «መንጃ ፈቃድ ማስገኛ ድጋፍ አላችሁ?» የሚለው ጥያቄ ከማንኛውም የማስታወቂያ ዘመቻ ይበልጣል።

ሌላው ማጣሪያ የግንኙነት ማጣሪያው ነው። አመልካቹ ወንጀል የሠሩ ዘመዶችና ወዳጆች እንዳሉት ይጠየቃል። ከአገሪቱ እስረኞች ከሦስት አንዱ ያህል አቦርጂናል በሆነበት ሁኔታ፣ ዝምድና እስከ ሩቅ በሚቆጠርበት ቤተሰብ ውስጥ፣ የታሰረ ዘመድ የሌለው ሰው ከየት ይመጣል? እዚህ ላይ የሚጥለው ብዙ ጊዜ ዝምድናው ሳይሆን አለመናገሩ ነው። ቅጹን ሲሞላ ፈርቶ የዘለለው አጎት ምርመራው ላይ ይወጣና «ታማኝነት ጎድሎታል» ተብሎ ይሰናበታል። ጥሩ መርሐ ግብር አመልካቹን ቁጭ አድርጎ ሁሉንም እንዲጽፍ ይረዳዋል፤ መርማሪዎቹንም ዘመድ መሆንና ግብረ አበር መሆን የተለያዩ መሆናቸውን ያሠለጥናል። ሌላው እንቅፋት ገንዘብ ነበር። ልጆች ያሏት እናት ደሞዝ ሳይኖራት ለወራት አካዳሚ ልትገባ አትችልም። ኒው ሳውዝ ዌልስ ከ2024 ጀምሮ ሠልጣኞች አካዳሚ እያሉ እንዲከፈላቸው ያደረገው ለሁሉም ነው፤ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ቁጠባ የሌለውን ቤተሰብ ነው።

ገብተው ጣቢያ ከተመደቡ በኋላ ያለውን በተመለከተ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ፦ አቦርጂናል ሁሉ አንድ ነው ብሎ ማሰብ። በ2021 ቆጠራ 167 የአገሬው ቋንቋዎች በቤት ውስጥ ይነገሩ ነበር። ከኡሉሩ በስተ ምዕራብ በረሃው ውስጥ ባለችው ዋራኩርና ከ2018 ጀምሮ ጣቢያው በአቦርጂናል ፖሊሶች ብቻ ሲመራ ብዙ ተነግሮለታል፤ ይገባዋልም። ይሁን እንጂ መኮንኖቹ ከደቡብ ምዕራቡ የኑንጋር ሕዝብ የመጡ ነበሩ፤ የአካባቢው ሰው ቋንቋ ደግሞ ንጋንያጃራ ነው። የተሳካላቸው ቆዳቸው ስለተመሳሰለ ብቻ አይደለም፤ ቁጭ ብለው ቋንቋውን ስለተማሩና ሽማግሌዎቹን ስላስቀደሙ ነው።

ዝምድናም ሕግ አለው። በመካከለኛው አውስትራሊያ አንድ ወንድ ከአማቱ ጋር ፊት ለፊት መነጋገር አይፈቀድለትም። እንዲህ ያለውን መኮንን በፓትሮል ተረኛ ስለሆነ ብቻ ወደ አማቱ ቤት መላክ ወይ ሥራውን ወይ ወጉን እንዲያፈርስ ማስገደድ ነው፤ ጥሩ የጣቢያ አዛዥ ተራ ሲያወጣ ይህን አስቀድሞ ይጠይቃል። ከዚህ የባሰው ጥፋት መኮንኑን በምርመራ ክፍል አስተርጓሚ ማድረግ ነው። የሰሜናዊ ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1976 አኑንጋ በሚባለው ጉዳይ እንግሊዝኛ በቅጡ የማይናገር አቦርጂናል ተጠርጣሪ አስተርጓሚና የሚያምነው ሰው አጠገቡ ሊኖር እንደሚገባ፣ ሰውየው ለትሕትና ሲል ለሁሉም ጥያቄ «አዎ» ሊል እንደሚችልም መመሪያ አውጥቷል። ፖሊስ የፖሊስ ወገን ነው፤ የዚያው ሕዝብ ልጅ መሆኑ ገለልተኛ አያደርገውም። ይህ የሚረሳው ጣቢያው ብር ለመቆጠብ ሲል ነው። በመጨረሻ ቃሉ በፍርድ ቤት ተቀባይነት ያጣል፣ መኮንኑም በሁለቱም ወገን ይጠላል።

ከዚያ ሁሉ በላይ የሚያደክማቸው ከሥራ ዝርዝራቸው ውጪ የሚጫንባቸው ነው። የመክፈቻ ሥነ ሥርዓት ሲኖር እሱ ይጠራል፤ የሥልጠና ንግግር ሲፈለግ እሱ፤ ፖስተር ላይ የሚነሳው እሱ፤ ሌሊት አክስቱ ስልክ የምትደውለውም ለእሱ ነው። የዕድገት ፈተና ሲመጣ ግን ይህ አንዱም ነጥብ አያሰጥም። በ2022 በኩዊንስላንድ የተካሄደው የምርመራ ኮሚሽን ዘረኝነት በተቋሙ ውስጥ የራሱን ሠራተኞች ሳይቀር የሚጎዳ ችግር መሆኑን አረጋግጧል። በ2025 ደግሞ የሰሜናዊ ግዛት የሞት መርማሪ ዳኛ በ2019 በዩኤንዱሙ ስለተገደለው ወጣት ባወጡት ግኝት በፖሊሱ ውስጥ የተቋማዊ ዘረኝነት ምልክቶች እንዳዩ ጽፈዋል። ሰው ለምን ይወጣል ብላችሁ ካሰባችሁ መልሱ ከዚህ አይርቅም።

የመውጣትን ነገር በሒሳብ ላሳያችሁ። ለምሳሌ ያህል አንድ ተቋም በየዓመቱ 20 አቦርጂናል ኮንስታብሎች ይቀጥራል እንበል። በአማካይ 5 ዓመት ከቆዩ በማንኛውም ጊዜ ያሉት 100 ናቸው። 10 ዓመት ከቆዩ ቅጥሩ ሳይጨምር 200 ይሆናሉ። ምልመላውን እጥፍ ማድረግ ውድ ነው፤ ጣቢያውን ሰው የሚቆይበት ማድረግ ያንኑ ውጤት ያመጣል፣ ከዚያም አልፎ ሳጅንና ኢንስፔክተር የሚሆን ሰው ያፈራል። አምስተኛ ዓመቱ ላይ የሚወጣ ሰው አዛዥ አይሆንም።

«የለወጠው ነገር አለ ወይ?» ላላችሁት፦ አለ፣ ልክ ግን አለው። የተደበደበች ሴት የምታምነውን ሰው ስታገኝ ትናገራለች፤ ቋንቋውን የሚያውቅ መኮንን ጠብ ሳይነሳ ያበርዳል። ነገር ግን ዩኒፎርሙን ማንም ይልበሰው፣ የሚያስፈጽመው ያንኑ ሕግ ነው። በአደባባይ ሰክሮ መገኘት ወንጀል መሆኑ እንዲቀር የንጉሣዊ ኮሚሽኑ በ1991 መክሮ ነበር፤ ቪክቶሪያ ግን ይህን ያደረገው በኅዳር 2023 ነው። በእነዚያ 32 ዓመታት ምንም ያህል አቦርጂናል ፖሊስ ቢቀጠር ሰክሮ የተኛውን ሰው ለማሰር የሚያስችለው ሕግ እንደቆመ ነበር። አገናኝ ከመቅጠር ይልቅ የእስር ማሳወቂያ ሥርዓት፣ ማለትም አቦርጂናል በታሰረ ቁጥር ፖሊስ ወዲያው ለሕግ አገልግሎታቸው እንዲደውል የሚያስገድደው ደንብ፣ ሕይወት በማዳን ረገድ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። የእኛው ወገን ከሜልበርን የሚያውቀውም አለ፦ በፍሌሚንግተንና በኖርዝ ሜልበርን ያሉ አፍሪካውያን ወጣቶች ያለ ምክንያት እያስቆሙን ነው ብለው ከስሰው በ2013 ጉዳዩ በስምምነት ሲያልቅ ያገኙት ፖሊስ ሰው የሚያስቆምበትን አሠራርና የባህል ሥልጠናውን በይፋ እንዲመረምር ነው፤ የቅጥር ኮታ አልነበረም።

ስብሰባው ላይ ይህን በጽሑፍ ጠይቁ፦ ቃለ መሐላ የፈጸሙት አቦርጂናል መኮንኖች በየማዕረጉ ስንት ናቸው፤ ሳጅንና ከዚያ በላይ ስንት አሉ፤ በየትኞቹ ጣቢያዎች ተመድበዋል፤ ባለፉት አምስት ዓመታት ከተቀጠሩት ስንቱ ወጡ፤ ካመለከቱት ውስጥ በፈተና፣ በሕክምና፣ በማጣሪያ፣ በአካዳሚ ስንት ስንቱ ቀሩ። የመጨረሻው ከሁሉ ይጠቅማል፤ የት እንደሚፈስ ሳያውቁ የሚጨምሩበት ማስታወቂያ ሁሉ ከንቱ ነው። ቁጥሩ ከአምስት በታች ሲሆን ለግለሰቦቹ ምስጢር ሲባል ላይሰጧችሁ ይችላሉ፤ ያ ተገቢ ነው፣ የክልሉን ድምር ግን መስጠት ይችላሉ።

ለራሳችሁ ስትጠይቁ ግን አንድ ልዩነት ልብ በሉ። ለአቦርጂናል ተብሎ የሚለይ የሥራ መደብ የሚቆመው በ1975ቱ የዘር መድልዎ ሕግ «ልዩ እርምጃ» በሚለው ድንጋጌ ላይ ነው፤ አመልካቹም የዘር ሐረጉን፣ ራሱን እንዲያ ብሎ መቁጠሩንና ማኅበረሰቡ እንደሚቀበለው ያረጋግጣል። እናንተ «ኢትዮጵያዊ ይቀጠርልን» ብትሉ ኃላፊው በዚህ በኩል በር ላይከፍትላችሁ ይችላል። «ለመደቡ አማርኛ፣ ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ መናገር መስፈርት ይሁን» ብትሉ ግን ቋንቋ ተራ የሥራ ችሎታ ነው፤ ለመጻፍም ለመከላከልም ይቀላል። ልጆቻችሁን ወደ ሙሉ ኮንስታብልነት ላኩ፤ አብዛኞቹ የፖሊስ ተቋማት ቋሚ ነዋሪነትን ስለሚቀበሉ ዜግነት መጠበቅ የግድ አይደለም። አገናኝ የሚሰጧችሁ ከሆነ ደግሞ ከመፈራረማችሁ በፊት ሦስት ነገር አጣሩ፦ መደቡ ቋሚ ነው ወይስ የዓመት በጀት ሲያልቅ የሚዘጋ፤ ሰውየው ተጠሪነቱ ለጣቢያው አዛዥ ነው ወይስ ለሕዝብ ግንኙነት ክፍል፤ በምርመራ ላይ አስተርጓሚ እንዳይሆን በሥራ ዝርዝሩ ላይ ተጽፏል ወይስ አልተጻፈም።